ኢዛቤል የራሷ አያት የሆነችበት ሳምንት

ሰላም ወገን፣ የጀመርኩት የማርሻል ቤተሰብ የዘር ሐረግ የት እንደደረሰ ልንገራችሁ ብዬ ነው፣ ትንሽ ይረዝማል ታገሱኝ። ዓመቶቹ በሙሉ በፈረንጅ ናቸው።

ለአዲሶች ባጭሩ፣ ዊልያም ማርሻል የእንግሊዝ ባላባት ነው፣ መሬት የማይደርሰው ታናሽ ልጅ ሆኖ ተወልዶ በጦርና በፈረስ ስም አወጣ፣ በ1189 ኢዛቤል ደ ክሌር የምትባል ባለርስት አገባና ባንዴ ዌልስና አየርላንድ ውስጥ ሰፊ አገር ያዘ፣ በስተርጅና የሕፃኑ የሄንሪ 3ኛ እንደራሴ ሆኖ በ1219 ሞተ። አምስት ወንድ አምስት ሴት ወለዱ።

እኔ ሞኙ ከወንዶቹ ጀመርኩ፣ ዋናው መስመር እነሱ መስለውኝ። በሁለት ማታ አለቁ። ዊልያም በ1231 ሞተ፣ ሪቻርድ በ1234 አየርላንድ ላይ በውጊያ ቆስሎ፣ ጊልበርት በ1241 ቶርናመንት (የፈረሰኞች የጦር ጨዋታ) ላይ ከፈረስ ወድቆ፣ ዋልተርና አንሰልም ደግሞ በ1245 መጨረሻ ተከታትለው፣ አንዳቸውም ሕጋዊ ወራሽ አልተዉም። ማቲው ፓሪስ የሚባለው መነኩሴ የታሪክ ጸሐፊ ነገሩን ከእርግማን ጋር ያያይዘዋል፣ አባትየው የአንድ የአየርላንድ ጳጳስ መሬት ወስዶ አልመልስም ስላለ ነው ይላል። ለእናቴ ስነግራት "የመሬት ግፍ ነዋ!" አለች፣ ለሷ ጉዳዩ እዛው ተዘጋ።

እና ሥራው ሁሉ ሴቶቹ ጋ ነው ያለው። በያኔው የእንግሊዝ ሕግ ወንድ ካለ ታላቁ ይጠቀልለው ነበር፣ ወንድ ከሌለ ግን ሴቶቹ እኩል ይካፈሉ ነበር፣ ይሄ እንግዲህ ወንድም ሴትም ይካፈሉበት ከነበረው ከኛ አገር የድሮ ርስት ጋር ትንሽ ይቀራረባል። በ1247 የማርሻል ርስት ለአምስቱ ሴት ልጆች አምስት ቦታ ተከፈለ፣ ከአየርላንዱ መሬት ኪልኬኒ ወደ ኢዛቤል (ልጅየዋ እንጂ እናትየዋ አይደለችም) ልጆች፣ ካርሎ ወደ ሞድ፣ ኪልዴር ወደ ሲቢል፣ ደናሜዝ ወደ ኢቫ፣ ዌክስፎርድ ወደ ጆአን። ከዚህ የተማርኩት ነገር ቢኖር የልደት መዝገብ በሌለበት ዘመን ሰው ስትፈልጉ መሬቱን ተከተሉ፣ መሬት የሚካፈል ሰው ማን የማን ልጅ እንደሆነ በደንብ አስጽፎ ነው የሚካፈለው። ከንጉሥ መሬት የያዘ ሰው ሲሞትም የአካባቢው ሰዎች ምለው መሬቱን፣ ወራሹንና የወራሹን ዕድሜ ይናገሩ ነበር፣ ዕድሜዋን ብቻ አትመኑ፣ "30 እና ከዚያ በላይ" ካለ አዋቂ ነው ማለቱ ነው በቃ።

አሁን ወደ ቅሌቴ። ኢዛቤል ደ ክሌር፣ የማርሻል ሚስት፣ በ1220 ሞተች። ልጇ ኢዛቤል ማርሻል ደግሞ ጊልበርት ደ ክሌርን አገባች፣ እነሱ ሴት ልጅ ሲወልዱ ስሟን ምን ቢሏት ጥሩ ነው? ኢዛቤል፣ በአባቷ በኩል ደ ክሌር! የዘር ሐረጉን የምሠራበት የኮምፒውተር ፕሮግራም "እነዚህ አንድ ሰው ናቸው ወይ" ብሎ ጠየቀኝ፣ እኔም እንቅልፍ እንቅልፍ እያለኝ አዎ አልኩት። በዚህ ሁኔታ ሁለት ሳምንት ሠርቻለሁ። አንድ ቅዳሜ ማታ ሰንጠረዡን ላትም ስል ሴትየዋ በ1220 ሞታ በ1240 ሮበርት ብሩስ የሚባለውን የአናንዴል ጌታ ታገባለች፣ ከዛ በላይ ስሄድ የራሷ አያት ሆና አገኘኋት። ሳቄም መጣ ልቅሶዬም መጣ።

ማስተካከያው ከቤት መጣ። የፈረንጆቹን የቤተሰብ ስም ተውኩትና እንደኛ በአባትና በአያት ጻፍኳቸው፦ ኢዛቤል ሪቻርድ ጊልበርት፣ ኢዛቤል ዊልያም ጆን፣ ኢዛቤል ጊልበርት ሪቻርድ። ሦስቱም ወዲያው ተለያዩ (አንደኛዋና ሦስተኛዋ ግልባጭ መሆናቸው አሁንም ያናድደኛል)። ደግሞ እነሱም ድሮ እንደዚሁ ነበሩ እኮ፣ ፊትዝ ማለት የእገሌ ልጅ ማለት ነው፣ ጊልበርት ፊትዝ ሪቻርድ የወለደው ሪቻርድ ፊትዝ ጊልበርት ይባላል፣ ስሙ በየትውልዱ ይቀየራል፣ ለኛ ሰው ይሄ ምኑም አይከብድም።

ስማቸው እንዲህ ሲደባለቅ ዘመድ ይሆኑ እንዴ ብዬ ጊልበርትንና ኢዛቤል ማርሻልን ልክ ለጋብቻ እንደሚቆጠረው ቤት ቆጠርኳቸው። በሱ በኩል ሪቻርድ፣ ሮጀር፣ ሪቻርድ፣ ጊልበርት ፊትዝ ሪቻርድ። በሷ በኩል ኢዛቤል፣ ሪቻርድ፣ ጊልበርት፣ ጊልበርት ፊትዝ ሪቻርድ። አራተኛው ላይ ገጠሙ! የሚገርማችሁ የነሱም ቤተክርስቲያን ድሮ እስከ ሰባት ቤት ትከለክል ነበር፣ በ1215 የላተራን የቤተክርስቲያን ጉባኤ ነው ወደ አራት ያወረደው፣ አራተኛው ራሱ ግን ያኔ ክልክል ነበር። እነዚህ በ1217 ተጋቡ። የኔ አያት ቢሰሙ ሠርጉ ላይ አይገኙም ነበር።

የኢቫን ቅርንጫፍ ደግሞ ስሠራ አመሸሁ። ባሏን ዊልያም ደ ብራዮዝን የዌልሱ ገዥ ሊዌሊን ከሚስቴ ጋር አገኘሁት ብሎ በ1230 ሰቀለው። ሊዌሊን ታዲያ የሟቹን ልጅ ለልጁ ለዳፊድ አጭቶ ነበር፣ ሰውየውን ከሰቀለ በኋላ ለኢቫና ለወንድሟ "ጋብቻው ይቀጥል ወይ" ብሎ ደብዳቤ ጻፈ፣ ደብዳቤዎቹ እስካሁን አሉ። ጋብቻው ቀጠለ። አባቷን የሰቀለ ሰው አማቷ ሆነ ማለት ነው፣ ይሄን ሳነብ ሻዬ ቀዘቀዘ።

አሁን ያለሁበት፦ ሦስተኛዋ ኢዛቤል ተስተካክላ ከብሩሶች ጋር ተገናኝታለች፣ የልጇ ልጅ በ1306 የስኮትላንድ ንጉሥ የሆነው ሮበርት ብሩስ ነው፣ ማርሻል የአያቱ አያት መሆኑ ነው። ቀሪው ሲቢል ናት፣ ሰባት ሴት ልጆች አሏት፣ የሷ አንድ አምስተኛ ለሰባት ሲካፈል ለያንዳንዷ አንድ ሠላሳ አምስተኛ። ከሰባቱ አራቱ ኢዛቤል፣ ሞድ፣ ሲቢልና ጆአን ናቸው፣ የእናታቸውና የአክስቶቻቸው ስም። በአባትና በአያት ልለያቸው እንዳልል ሰባቱም እህትማማቾች ናቸው፣ አክስቶቹም እንደዚያው፣ ስለዚህ በባሎቻቸው ስም ጀምሬያለሁ፣ ሦስቱን ጨርሻለሁ፣ ፕሮግራሙ "አንድ ሰው ናቸው ወይ" ሲለኝ አሁን አይደሉም እያልኩ ነው።