ገና የሚያወራ ጠጅ

ይህ ከሆነ ሦስት ዓመት አለፈው። አሁን ቢሮ ውስጥ መሳቂያ ሆኗል። ያን ቀን ግን የሳቀ ሰው አልነበረም።

የምሠራው አንድ አነስተኛ የኢቨንት ድርጅት ውስጥ ነው። ሰርግ፣ ምርቃት፣ የመሥሪያ ቤት ሽርሽር፣ የመጣውን እንሠራለን። ታኅሣሥ ላይ አንድ ደንበኛ ደወለ። 30 ሠራተኞቹን ቅዳሜ ቀን የወይን እርሻ ማስጎብኘት ይፈልጋል። እያዩ፣ እየቀመሱ፣ እየበሉ እንዲውሉ። አሥር ሰዓት ላይ ግን ሁሉም ቤቱ መግባት አለበት።

«አዲስ አበባ ዙሪያ አይጠፋም አይደል?» አለኝ።

ይጠፋል። ግቢ ውስጥ ለጥላ የሚሆን የወይን ሐረግ ያለው ሰው ሞልቷል። ለፋብሪካ የሚሆነው ግን ሞቅ ያለ አገር ይወዳል። አንድ ትልቅ እርሻ ያለው ዝዋይ ነው፣ አሁን ባቱ በምትባለው ከተማ። ከዚህ 160 ኪሎ ሜትር ግድም ይርቃል። እዚያ ዘንዶና ጉማሬ እንዳይገባ እርሻው ዙሪያውን ቦይ ተቆፍሮለታል። የአዋሽ ወይን ጠጅ እርሻ ደግሞ አርሲ፣ መርቲ ነው። ሁለቱም በግማሽ ቀን ደርሰው የሚመለሱባቸው አይደሉም።

«እርሻው ካልቀረበን ጠርሙሱን እናቅርበው» አልኩት። ሱሉልታ አንድ ሰፊ ግቢ አገኘሁ። ላሞች አሉ፣ የድርቆሽ ክምር አለ፣ ለፎቶ የሚመች ነው። አራት ዓይነት የአገር ውስጥ ወይን መረጥን። ደረቅ የሆነው ጉደር፣ ጣፋጩ አክሱሚት፣ ከዝዋይ ደግሞ አንድ ቀይና አንድ ነጭ። ከሼፋችን ጋር ቁጭ ብለን የትኛው ከየትኛው ምግብ ጋር እንደሚሄድ ጻፍን። እስከዚህ ድረስ ጥሩ ነበር።

ጠጁን የጨመርኩት እኔ ነኝ።

ሐሳቡ አሁንም አይከፋኝም። የወይን ቅምሻ ብለን የራሳችንን የማር ወይን መተው ነውር መሰለኝ። ቃሊቲ ውስጥ ጠጅ የሚጥሉ አንዲት እናት አውቃለሁ። ጋናቸውን በወይራ አጥነው፣ በጌሾ እንጨት ብቻ ነው የሚጥሉት። ስኳር የሚባል ነገር ደጃቸው አይደርስም። አዘዝኩ፣ ቀብድ ከፈልኩ።

ከዚያ ደንበኛው ቀኑን በአንድ ሳምንት አስቀደመው። እማማ ጋ ደወልኩ።

«እማማ፣ ለዚህ ቅዳሜ ይደርሳል?»

«ብርዱ እንዲህ ሆኖ? አይደርስም ልጄ።»

«አሁን ቢቀመስ ግን አይጣፍጥም?»

«መጣፈጡማ ይጣፍጣል።»

የሰማሁት ይህንን ሁለተኛውን መልስ ብቻ ነው። የሚጣፍጠው እኮ ማሩ ገና ስላላለቀ ነው! ይህንን ያወቅሁት በኋላ ነው።

ዓርብ ከሰዓት ሄድኩ። ከአንድ ሆቴል የለመንኩትን 24 ባዶ የወይን ጠርሙስ አሳጥቤ፣ አዲስ ቡሽ ገዝቼ፣ አንገታቸው ላይ በሲባጎ የሚንጠለጠል ቡናማ ወረቀት አሠርቼ ነበር። በጀሪካን ይዞ መሄድ አሳፈረኝ። አለቃዬ ናሙናውን በፎቶ አይቶ «ይሄ ነው ክላስ ማለት» ብሎኝ ነበር።

እማማ ጠርሙሶቹን አዩ። ቡሾቹን አዩ። ከዚያ ጎንበስ ብለው ጆሯቸውን ጋኑ ላይ አደረጉ።

«ነይ ስሚው» አሉኝ።

አደመጥኩ። ሩቅ ጣራ ላይ እንደሚወርድ ካፊያ ያለ ድምፅ ይሰማል።

«ገና ያወራል። አፉን አትድፈኚው።»

ሳቅኩ። የእናቶች ጨዋታ መሰለኝ። «አይዞዎት፣ ለአንድ ሌሊት ነው» ብዬ አጥልለው እንዲሞሉልኝ አደረግሁ። ቡሹንም በመዳፌ እየመታሁ ደፈንኩት።

ቅዳሜ ጠዋት ሦስት ነበርን። ጋሼ፣ ሹፌራችን። ሼፉ፣ የዶሮ ወጡን ድስት እግሮቹ መካከል አድርጎ። እኔ ከኋላ፣ ከጠርሙሶቹ ጋር። ከቃሊቲ ተነስተን ከተማዋን አቋረጥን። ፀሐይ በመስኮት ገብታ ሳጥኑ ላይ አረፈች። ከዚያ የጎጃሙን መንገድ ይዘን የእንጦጦን ዳገት ጀመርን።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ልንገራችሁ። እንጦጦ ጫፉ ላይ ከ3000 ሜትር በላይ ነው። መንገዱ ጫፉን ባይነካም ከቃሊቲ ብዙ መቶ ሜትር ከፍ ይላል። ከፍ ባሉ ቁጥር የውጪው አየር ግፊት ይቀንሳል። ጠርሙሱ ውስጥ ያለው ግን አይቀንስም። ቆላ ታሽጎ አዲስ አበባ የመጣ ቺፕስ ተነፍቶ አይታችሁ ከሆነ፣ እንደዚያ ነው። የእኛ ላይ ደግሞ መናጡና ፀሐይዋ ተጨመረበት።

ጧ!

ጋሼ ፍሬን ያዙ። «ጎማ!» ብለው ወርደው መኪናውን ዞሩት። አራቱም ጎማዎች ደህና ናቸው። ተመልሰው ሊገቡ ሲሉ ሁለተኛው ጧ አለ። ሦስተኛው ቡሽ ጣራውን ነርቶ ሲመለስ ጠጁ በጋሼ ኮሌታ ገባ። ከዚያ በኋላ መቁጠር አቆምኩ። አንዱን በእጄ ስይዝ ሌላው ይተኩሳል። ነጠላዬን ደረብኩባቸው። ነጠላዬም ጠጣ።

«ክፈቻቸው! ሁሉንም ክፈቻቸው!» አለ ሼፉ፣ ድስቱን አቅፎ። ዳር ይዘን ቀሪዎቹን አንድ በአንድ አስተነፈስን። ሼፉ እየከፈተ አስተማረኝ። እማማ «ያወራል» ያሉት እርሾው ነው። የማሩን ስኳር ወደ አልኮል ሲለውጥ ጋዝ ያወጣል። ከፋብሪካ የመጣው ወይን ሥራውን ጨርሶ፣ ተጣርቶ የታሸገ ስለሆነ እዚያው ካርቶኑ ውስጥ ዝም ብሎ ተቀምጧል። የሻምፓኝ ጠርሙስ የሚወፍረውና ቡሹ በሽቦ የሚታሰረው ለዚህ ጋዝ ሲባል ነው፤ ውስጡ ያለው ግፊት ከመኪና ጎማ ሁለት እጥፍ ይበልጣል። የእኔ ጠርሙስ ተራ ነው። «ቡሹን አጥብቀሽው ቢሆን ኖሮ ጠርሙሱ ራሱ ነበር የሚፈነዳው» አለኝ። መዳፌ ደካማ መሆኑ በጀን።

ከ24ቱ 11ዱ ባዶ ሆኑ። የቀሩትም ሙሉ አልነበሩም።

ትንሽ እንደሄድን ትራፊክ አስቆመን። በሩን ሲከፍት ሽታው ፊቱን መታው። ጋሼን አያቸው። ሸሚዛቸው ከደረታቸው ጋር ተጣብቋል።

«አባት፣ ስንት ብርሌ ነው?»

«እኔ ጴንጤ ነኝ! በሕይወቴ ቀምሼ አላውቅም!»

«ሁሉም እንደዚያ ነው የሚለው።»

አስነፋቸው። ምንም የለም። ሌላ መሣሪያ አምጥቶ ደገመው። አሁንም የለም። እኔን አየኝ፣ ነጠላዬን አየ፣ ድስቱን አየ። «ሰርግ ነው?» አለ።

«ሥራ ነው» አልኩት።

40 ደቂቃ ዘግይተን ደረስን። እንግዶቹ በሱሉልታ ነፋስ ኮታቸውን ሰብስበው ቆመዋል። የሆነውን እንዳለ ነገርኳቸው። ምን ብዬ ልዋሽ? ሽታችን ቀድሞን ገብቷል። የተረፈውን ጠጅ በትንንሽ ብርጭቆ አዳረስነው። አንድ ሽማግሌ ቀምሰው «ይሄማ ብርዝ ነው» አሉ። ልክ ናቸው፣ ወደ ብርዝ ያደላል።

የወይኑ ክፍል ግን ያማረ ነበር። ከዶሮ ወጥ ጋር መጀመሪያ ደረቁን ቀይ ቀመሱ። በርበሬው ላይ አልኮሉ ሲጨመር አፍ ያቃጥላል፣ ወይኑም ይመራል። ቀጥሎ ጣፋጩን ሲሞክሩ ቃጠሎው በረደ። ይህንን በቃል ብነግራቸው አይሰሙኝም ነበር፤ በምላሳቸው ሲያዩት ክርክር ጀመሩ። ክርክሩ ባይቋረጥ አሥር ሰዓትን እንረሳው ነበር።

ደንበኛው የጠጁን ሒሳብ ቆረጠ። አልከራከርኩትም። አለቃዬ አልጮኸም፤ መጮህ በስንት ጣዕሙ። ዝም ብሎ የዕቃ መረከቢያ ቅጻችን ላይ አንድ መስመር አስጨመረኝ። «መቼ ተጣለ? ጠጅ ጣይዋ ደርሷል ብለዋል?» የምትል። እስካሁን አለች። በጣም የተጎዱት ጋሼ ናቸው። በማግስቱ እሑድ በዚያው መኪና የቤተ ክርስቲያናቸውን መዘምራን ሊያመላልሱ ቃል ገብተው ነበር። ሌሊቱን ሙሉ በሳሙናና በሎሚ ሲያጥቡ አደሩ። ሽታው ሦስት ሳምንት ቆየ።

ሰኞ ጠርሙሶቹንና ቀሪ ሒሳቡን ይዤ እማማ ጋ ሄድኩ። ቡና አፈሉልኝ። «ስንቱ ቀረልሽ?» አሉ ገና ሳልነግራቸው። ነገርኳቸው። አልሳቁም፣ አልተቆጡም። ተነስተው ያ ጋን ጋ ሄዱና ክዳኑን ከፈት አድርገው ጠሩኝ። ጆሮዬን አስጠጋሁ። አሁንም ያወራል፣ ዝግ ብሎ።

ለመጋቢት አንድ ሥራ ስናገኝ ከእሳቸው ነው የወሰድነው። በጀሪካን፣ ክዳኑ ላላ ተደርጎ። ጋሼ ግን መኪና ላይ አላስጭንም አሉ። ሞተሩን አጥፍተው ወረዱ። ኮፍያቸውን አወለቁ። ሰፈርተኛው እያየ አንድ በአንድ፣ ስድስቱንም ጀሪካን ጆሯቸውን እያስጠጉ አደመጡ።

«ዝም ብሏል» አሉ በመጨረሻ። «ጫኑ።»