ከፔሩ የመጣው ቢጫ ድልህ

ዛሬ ማታ አራተኛውን ጠርሙስ ጨረስኩ። በማንኪያ ጫፍ ዙሪያውን ፍቄ፣ በትንሽ ለብ ያለ ውኃ አለቅልቄ፣ ያለቀለቅሁበትንም ውኃ ሳልደፋ ድስቱ ውስጥ ጨመርኩት፤ እማዬ የድልህ ዕቃዋ ሲያልቅባት የምታደርገው ይህንኑ ነው። ጠርሙሱ ላይ «አሂ አማሪዮ» ተብሎ ተጽፏል፤ ቢጫ በርበሬ ማለት ነው። ከፔሩ የሚመጣ፣ ተልጦና ተፈጭቶ የታሸገ ድልህ ነው። ከአንድ ዓመት በፊት ስሙን እንኳ አላውቀውም ነበር፤ አሁን ማቀዝቀዣዬ ውስጥ በሰው እጅ ከሚላክልኝ በርበሬ አጠገብ የራሱ ቦታ አለው። እንዴት እዚያ እንደደረሰ ሳልረሳው ልጻፈው ብዬ ነው ዛሬ የተቀመጥኩት።

የምኖረው በሰሜን ቨርጂኒያ ነው። በዚህ አካባቢ የእኛ ሰው ብዙ እንደሆነ ሁሉ የፔሩም ሰው ብዙ ነው፤ እንጀራና ሽሮ የምገዛበት ሱቅ ካለበት ሕንፃ ጥግ ላይ ዶሮ በከሰል የሚጠብስ የፔሩ ምግብ ቤት አለ፣ ሽታውም እስከ መኪና ማቆሚያው ድረስ ይመጣል። ድልሁን ያስተዋወቁኝ ግን አብረውኝ የሚሠሩ፣ በዕድሜ እናቴን የሚያህሉ ሴት ናቸው። ሁላችንም «ሴኞራ» እያልን እንጠራቸዋለን። የተወለዱት በዋንካዮ ነው፤ ዋንካዮ በአንዲስ ተራሮች መካከል፣ ከ3,200 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ያለች ከተማ ናት፤ እኔም ያደግሁት በደብረ ብርሃን ስለሆነ ስለ ብርድና ስለ ድንች ስናወራ ብዙ ማስረዳት ሳያስፈልገን እንግባባለን። አንድ ቀን ለምሳ ያመጡትን አካፈሉኝ። በተቀቀለ ድንች ላይ ወፍራም ቢጫ ማባያ ፈስሶበት፣ የተቀቀለ እንቁላልና ጥቁር የወይራ ፍሬ ተደርጎበት ነበር። መልኩን አይቼ አልጫ ነው ብዬ አንድ ማንኪያ ሙሉ ጎረስኩ።

በእኛ ቤት ቢጫ ማለት እርድ ነው፤ እርድ ማለት ደግሞ አልጫ፣ ልጅም በሽተኛም ያለ ስጋት የሚበላው። የምንጠነቀቀው ቀይ ሲሆን ነው። ይህ ነገር ከሕፃንነቴ ጀምሮ ከዓይኔ ጋር ስላደገ፣ ምላሴ ሲቃጠል ከቃጠሎው ይልቅ ግርታው በረታብኝ። ቃጠሎው ሳይበርድ ግን ሌላ ነገር ተከተለ፤ የበሰለ ማንጎን የሚያስታውስ፣ ጣፋጭነት ያለው የፍሬ መዓዛ፣ ከበርበሬ ጋር አብሮ ይመጣል ብዬ አስቤው የማላውቀው። ያ ማባያ «ዋንካይና» እንደሚባል፣ ስሙም ከከተማቸው ከዋንካዮ እንደመጣ ነገሩኝ፤ ድልሁ ከነጭ አይብ፣ ከቆርቆሮ ወተት፣ ከዘይትና ጨው ካለው ደረቅ ብስኩት ጋር አንድ ላይ ተፈጭቶ የሚሠራ ነው።

በዚያው ቅዳሜ አንድ ጠርሙስ ገዛሁና በማውቀው መንገድ ሠራሁት። አምስት ራስ ቀይ ሽንኩርት አድቅቄ ከትፌ፣ ውኃው እስኪመጥ ያለ ዘይት አቁላላሁ፤ ዘይት ጨመርኩ፤ ከዚያም የጠርሙሱን ግማሽ ገልብጬበት፣ ውኃ ጠብ እያደረግሁ አርባ ደቂቃ ያህል አማሰልኩት። በርበሬ በደንብ ካልበሰለ ጥሬ ጥሬ ይላል፣ ጨጓራም ያቃጥላል እየተባልኩ ስላደግሁ፣ እሳቱ ላይ ባቆየሁት መጠን የሚጣፍጥ ነበር የመሰለኝ። ገና ቢጫ ሳለ ልጄ በዳቦ ጠቅሶ ቀመሰውና ምሽቱን ሙሉ ውኃ በውኃ ላይ ሲጠጣ አመሸ፤ ወተት ልሰጠው ይገባኝ እንደነበረ ያወቅሁት በኋላ ነው፤ የሚያቃጥለው ንጥረ ነገር፣ ካፕሳይሲን፣ በስብ እንጂ በውኃ አይሟሟምና። በመጨረሻ ድስቱ ውስጥ የቀረው ዝገት የመሰለ ነገር ነበር። የማንጎው ሽታ ጠፍቷል፣ መራራነት መጥቷል፣ ቃጠሎው ግን እንዳለ አለ። ምግብ መድፋት አልወድም፤ ያን ቀን ግን ደፋሁት፣ አዘንኩም።

ሰኞ ዕለት ለሴኞራ ስነግራቸው በጥሞና ሰሙኝና፣ «አንቺ ያበሰልሽው ዱቄት መስሎሽ ነው፤ ይህ ፍሬ ነው» አሉኝ። ነገሩ ሁሉ የተገለጠልኝ በዚህች አነጋገር ነው። እኛ ድስት ውስጥ የምንጨምረው በርበሬ እኮ ረጅም መንገድ ሄዶ የመጣ ነው፤ ተቀጥፏል፣ በፀሐይ ደርቋል፣ ከነጭ ሽንኩርት፣ ከዝንጅብል፣ ከበሶብላና ከጤና አዳም ጋር ተደልዞ እንደገና ደርቋል፣ ከኮረሪማና ከአዝሙድ ጋር ተፈጭቷል። ያ ሁሉ የደረቀ ነገር እንደገና እንዲፈታ ሽንኩርት፣ ውኃ፣ ቅቤና ጊዜ ይፈልጋል። የፔሩ ድልህ ግን ከእርጥብ ፍሬ ተሠርቶ፣ አስቀድሞ ተቀቅሎ የመጣ ነው፤ ዋጋው ያለው ገና ባልጠፋው ትኩስነቱ ላይ ነው። እዚያ አገር ይህ በርበሬ በፀሐይ ሲደርቅ ስሙ ራሱ ይለወጣል፤ «ሚራሶል» ይባላል፣ ፀሐይ ተመልካች እንደ ማለት፤ ጣዕሙም ሌላ ስለሚሆን ማንም አንዱን ለሌላው አይቆጥርም።

ዝርያውም ከእኛው ይለያል። ሰው አላምዶ ከሚያመርታቸው አምስት የበርበሬ ዝርያዎች የእኛ በርበሬና ቃሪያ በሳይንሳዊ ስማቸው ካፕሲከም አኑም ሲሆኑ አሂ አማሪዮ ካፕሲከም ባካተም ነው። የበርበሬ ቃጠሎ በሚለካበት በስኮቪል መለኪያ ከ30,000 እስከ 50,000 ይደርሳል ይባላል፣ ይህም ቀላል የሚባል አይደለም። አምስቱም ዝርያዎች የተነሡት ከአሜሪካ ምድር ነው፤ ወደ ተቀረው ዓለም፣ ወደ እኛም ጭምር፣ የደረሱት ኮሎምበስ አሜሪካ ከደረሰበት፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ከ1492 ወዲህ ነው። ይህን ለእማዬ በስልክ ስነግራት ለጥቂት ጊዜ ዝም ብላ ቆየችና «ታዲያ ከዚያ በፊት ዶሮ በምን ይሠራ ነበር?» አለችኝ። ኮረሪማ የገዛ ምድራችን ፍሬ እንደሆነ፣ ቁንዶ በርበሬም በቀይ ባሕር በኩል በንግድ ይገባ እንደነበረ ነገርኳት፤ ጥያቄዋ ግን ስልኩን ከዘጋሁ በኋላም አልለቀቀኝም።

ሴኞራ አንድ እሑድ ቤቴ መጥተው አሠራሩን አሳዩኝ። የፔሩ ወጥ መነሻው «አዴሬሶ» የሚሉት ነው፤ የእኛው ቁሌት ማለት ነው። ልዩነቱ ዘይቱ መቅደሙ ነው። እርሳቸው መጀመሪያ ዘይቱን ለብ አደረጉ፤ ከዚያ አንድ ራስ ቀይ ሽንኩርት ብቻ ጨምረው፣ እሳቱን ዝቅ አድርገው፣ መልኩ ሳይጠቁር መስታወት እስኪመስል ድረስ ጠበቁት። ነጭ ሽንኩርቱን አስከተሉ። ከድልሁ ሦስት የሾርባ ማንኪያ፣ ከከሙን በሁለት ጣት ቆንጠር። ከዚያ በኋላ ማማሰያውን ለእኔ ሰጥተው ከጎኔ ቆሙ። ድልሁ መጀመሪያ ላይ ዘይቱን ሁሉ ውጦ እንደ ገንፎ ድስቱ ላይ ተለጠፈ፤ ጥቂት ቆይቶ ዙሪያው ላይ ደቃቅ አረፋ መውጣት ጀመረ፤ ከአምስት ደቂቃ በኋላ በድስቱ ጠርዝ በኩል ብርቱካንማ ዘይት ቀስ ብሎ ተለይቶ ብቅ አለ። «አሁን!» አሉኝ። ይህን ምልክት አውቀዋለሁ፤ እማዬ «ቅቤው ተንሳፈፈ፣ አሁን ዶሮውን አምጪ» የምትለው እዚህ ላይ ሲደርስ ነው። እማዬ ዘንድ እዚህ ቦታ ለመድረስ ግማሽ ቀን ይፈጃል፤ እዚህ ግን ስድስት ደቂቃ በቂ ነው፤ እዚያ ላይ ወይ መረቅ መጨመር ወይ ድስቱን ማውጣት ይገባል፤ ከዚያ ካለፈ ያ ፍሬ ፍሬ የሚለው ሽታ ይሸሻል። ሁለት ሴቶች፣ በማይተዋወቁ ሁለት ተራሮች ላይ፣ ያንኑ የዘይት ጠርዝ እየተመለከቱ ወጥ መሥራታቸውን ሳስብ ዓይኔ እንባ አቀረረ፤ ሽንኩርቱም ሳይረዳኝ አልቀረም፣ እንባው ግን የሽንኩርት ብቻ አልነበረም።

የዚያን ዕለት የሠራነው «አሂ ዴ ጋዪና» ይባላል። ዶሮዋ ተቀቅላ፣ ሥጋዋ በጣት እንደ ክር ይፈተላል። ሥጋው በቢላ አይከተፍም፤ ክር ክር ሲሆን ነው ወጡን የሚይዘው። ቅርፊቱ የተነሣለት ዳቦ በቆርቆሮ ወተትና በዶሮው መረቅ ይዘፈዘፍና ይፈጫል፤ ወጡን የሚያወፍረው እርሱ ነው። ፔካን ወይም ዋልነት የሚባል ለውዝ መሰል ፍሬ ተፈጭቶ፣ ጥቂት አይብ፣ ከዚያ የተፈተለው ሥጋ ይከተላል። በተቀቀለ ድንች ላይ ተደርጎ ከሩዝ ጋር ይቀርባል፣ ከላዩም የተቀቀለ እንቁላል አለው። እንቁላሉን ሳይ ልቤ ዶሮ ወጥ አለኝ፤ አንድ ጊዜም በእንጀራ ሞክሬዋለሁ። አልተስማማም። የእንጀራው ኮምጣጣነት የድልሁን መዓዛ ይጋርደዋል፣ ወተቱም ከእርሾው ጋር አይዋደድም። እንጀራ የምወድ ሰው ነኝ፤ ይህን ግን በሩዝ እበላለሁ፣ እንግዳም ሲመጣ በሩዝ ነው የማቀርበው።

ኅዳር 15 የነቢያት ጾም ሲገባ ዶሮውም፣ እንቁላሉም፣ ወተቱም፣ አይቡም አብረው ቀሩ። ድልሁ ግን ጾም የሚያፈርስ ነገር የለበትም። «ካውሳ» የሚባለውን የያዝኩት ያኔ ነው። አንድ ኪሎ ድንች ከነልጣጩ ተቀቅሎ ገና ትኩስ ሳለ ይላጣል፣ አንዲት እብጠት እስከማይቀርበት ድረስ ይፈጫል፤ ድንቹ ቢጫ ዘር ቢሆን ይመረጣል፣ ውኃ ያዘለ ድንች ይፈርሳልና። ሦስት የሾርባ ማንኪያ ድልህ፣ የሦስት ሎሚ ጭማቂ፣ ሩብ ብርጭቆ ዘይትና ጨው ይጨመርበትና እንደ ሊጥ በእጅ ይታሻል። የፔሩ ሰዎች በመካከሉ ዶሮ ወይም ቱና በማዮኔዝ ያደርጋሉ፤ እኔ አቮካዶና የተከተፈ ሽንኩርት አደረግሁበት። ቀዝቅዞ ይበላል። ከቤተ ክርስቲያን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ወጥቼ፣ ማቀዝቀዣው ውስጥ ጠብቆኝ ሳገኘው የተሰማኝ ደስታ ትልቅ ነበር።

ከስፔኖች መምጣት በፊት ፔሩን ይገዙ የነበሩት ኢንካዎችም ይጾሙ ነበር፤ ሲጾሙ በዋናነት የሚታቀቡት ከጨውና ከበርበሬ ነው። ይህን ካወቅሁ ወዲህ በጾም ቀን ድልሁን ስከፍት ቆም እላለሁ። ለእኛ በርበሬ ጾሙን የሚያሻግረን ነው፤ ሽሮውም ምስሩም በእርሱ ይጠገናል፤ ለእነርሱ ግን ሰው ለአምላኩ ሲል የሚተወው ትልቁ ነገር እርሱ ነበር። ምን ያህል ቢወዱት ነው! ድንቹም ቢሆን የዚያው ተራራ ልጅ ነው። ወደ ኢትዮጵያ ያስገባው ሺምፐር የተባለ ጀርመናዊ የዕፅዋት ተመራማሪ ሲሆን ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቆጣጠር 1858 ነው። ደብረ ብርሃን በልጅነቴ ከሰል ላይ ጠብሰን በሚጥሚጣ የምንበላው ድንች፣ ከበርበሬ ጋር ሲገናኝ ያገር ልጆች መገናኘታቸው እንደነበረ ያን ጊዜ ማን ያውቃል።

ሌሎቹንም ድልሆች ሞክሬአለሁ። «ፓንካ» የሚባለው መልኩ እንደ እኛ በርበሬ ጥቁር ቀይ ነው፤ ቃጠሎው ግን ለልጅ የሚሰጥ ያህል ለስላሳ ነው፣ የጭስ ሽታ አለው፤ ለሥጋ ጥብስ መዘፍዘፊያ ይሆነኛል። በዚያ አገር ቢጫው ሲያቃጥል ይኸኛው ቀይ መለስለሱን ዓይኔ ገና አልለመደውም። «ሮኮቶ» ደግሞ ዘሩ ጥቁር ነው፣ በጣምም ያቃጥላል፤ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ ገና ግማሹን አልጨረስኩም።

ባለፈው ቅዳሜ ድልሁን ራሴ ሠራሁት። እርጥቡ ፍሬ እዚህ ስለማይገኝ በረዶ ሆኖ የታሸገውን ገዛሁ። ስሙ ቢጫ ይበለው እንጂ የበሰለው ፍሬ ብርቱካንማ ነው፣ ርዝመቱ እንደ ጣት። ጓንት አድርጌ እያንዳንዱን ሰንጥቄ፣ ውስጡ ያለውን ነጭ ሥር በማንኪያ ፋቅሁ፤ ቃጠሎው ያለው በዘሩ ሳይሆን እዚያ ነጩ ላይ ነው። ከዚያ ይቀቀላል፣ ውኃው ይደፋል፣ እንደገና በአዲስ ውኃ ይቀቀላል፣ ሦስት ጊዜ። ልጣጩ በጣት ሲነካ እንደ ቀጭን ላስቲክ እየተንሸራተተ ይወጣል። ልጄ አጠገቤ ቆሞ፣ እርሱም ጓንት አድርጎ፣ የተላጠውን ሲቆጥር ነበር። በጥቂት ዘይት ፈጨሁት፤ ቤቱን ያ ሽታ ሞላው። በደረቅ ጠርሙስ አድርጌ ከላዩ ዘይት አፈሰስኩበት፣ እርጥብ ማንኪያም እንዳይገባበት ለቤት ሰው ተናገርኩ።

ዛሬ ጠዋት ከላዩ ቀንሼ ለሴኞራ ይዤላቸው ሄድኩ። ክዳኑን ከፍተው አሸተቱት፤ በትንሿ ጣታቸው ጫፍ ነክተው ምላሳቸው ላይ አደረጉና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ትከሻዬን ያዝ አድርገው፣ «ጥሩ ነው፤ ግን ሁለት ጊዜ ብቻ ነው የቀቀልሽው፣ አይደለም?» አሉኝ።

እውነታቸውን ነበር። ሦስተኛውን ውኃ ሳልጥድ ነበር ያወጣሁት።