ከአምስተኛ ፎቅ የመጣው ጥያቄ

ታኅሣሥ 26 ቀን 2017 ዓ.ም. ሌሊት ከአዋሽና ከፈንታሌ በኩል የተነሣው፣ መጠኑ ከ5.5 በላይ የሆነው የመሬት መንቀጥቀጥ ብዙ የአዲስ አበባ ነዋሪዎችን ከእንቅልፋቸው ቀሰቀሰ። በየታክሲውና በየልቅሶ ቤቱ ሌላ ወሬ አልነበረም፤ ቀን ቆርጦ ትንቢት የሚናገረውም በዝቶ ነበር። አራት ኪሎ በሚገኝ አንድ የዩኒቨርሲቲ አዳራሽ ስለ መሬት መንቀጥቀጥ ለሁሉም ክፍት የሆነ የነፃ ገለጻ መኖሩን የሰማሁት በዚያ ሰሞን ነው።

መምህሩ በአማርኛ ነበር የሚያስረዳው። የስምጥ ሸለቆው ግራና ቀኝ በየዓመቱ በጥቂት ሚሊ ሜትር እየተራራቀ እንደሚሄድ፣ የመንቀጥቀጡ መጠን በአንድ ቁጥር ሲጨምር የሚለቀቀው ኃይል 32 ጊዜ ያህል እንደሚበልጥ በእርጋታ ነገረን። የስብሰባው ፍሬ የተገኘው ግን በጥያቄው ሰዓት ነው። ነጠላ የለበሱ አንዲት እናት ተነሥተው፣ «ዶክተር፣ ምድር ቤት ያለችው ጎረቤቴ ምንም ሳትሰማ አድራለች፤ እኔ አምስተኛ ፎቅ ላይ አልጋዬ ሲወዛወዝ ነቃሁ። ቤቴ ደካማ ሆኖ ነው?» አሉ።

«አይደለም እናቴ» አላቸው። መነሻው ከከተማችን 140 ኪሎ ሜትር ያህል ስለሚርቅ ፈጣኑ ንዝረት መንገድ ላይ ይደክማል፤ እዚህ የሚደርሰው በአብዛኛው ዝግ ያለው ነው። ከፍ ያለ ሕንፃ ደግሞ በተፈጥሮው ዝግ ብሎ የሚወዛወዝ በመሆኑ፣ ዥዋዥዌን በራሱ ምት ጠብቀው ሲገፉት ከፍ እያለ እንደሚሄድ ሁሉ፣ የላይኛው ፎቅ ከምድር ቤቱ የበለጠ ይንቀሳቀሳል። አዳራሹ ውስጥ የነበረው ሰው በሙሉ፣ ተማሪውም ጭምር፣ ጸጥ ብሎ ያዳመጠው ይህን መልስ ነበር።

አራት ኪሎ ለዚህ ዓይነቱ ጉባኤ የተመቸ ሰፈር ነው። አዲስ አበባ ለምድር መግነጢሳዊ ወገብ፣ ማለትም የመግነጢስ መርፌ ወደ ላይም ወደ ታችም ሳያዘነብል አግድም ለሚሆንበት መስመር፣ ቅርብ በመሆኗ እ.ኤ.አ. በ1957 የተቋቋመው የጂኦፊዚክስ ማዕከል እዚያው ግቢ ውስጥ ነው፤ ድንቅነሽን የያዘው ብሔራዊ ሙዚየምም ወደ ስድስት ኪሎ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ በእግር ጥቂት ደቂቃ ብቻ ርቆ ይገኛል። ሆኖም ከዚህ ቀደም በሌላ ተቋም በተዘጋጀ ገለጻ ላይ ለመገኘት ሄጄ፣ የተማሪ መታወቂያ ስላልያዝኩ ከበር ተመልሻለሁ። «ለሕዝብ ክፍት» የሚለው ማስታወቂያ ለጥበቃ ሠራተኞቹ ካልተነገረ፣ ከግቢ ውጭም ካልተለጠፈ፣ ገለጻውም ሕዝቡ በሚሰማው ቋንቋ ካልሆነ፣ አዳራሹ ቀድሞ በሚያውቁት ሰዎች ብቻ ይሞላል።

ታዋቂው የሳይንስ ሊቅ ማይክል ፋራዴይ ለንደን ውስጥ መጽሐፍ ጠራዥ ዘንድ ሥራ የሚማር ወጣት ሳለ፣ እ.ኤ.አ. በ1812 አንድ ደንበኛ በሰጠው ቲኬት የኬሚስትሪ ሊቁን የሃምፍሪ ዴቪን ገለጻ ሊሰማ ሮያል ኢንስቲትዩሽን ወደተባለው የሳይንስ ተቋም ገባ። የሰማውን ጽፎና ጠርዞ ለዴቪ ላከለት፤ በዓመቱም በዚያው ተቋም ረዳት ሆኖ ተቀጠረ። እ.ኤ.አ. በ1825 የተጀመረውን የወጣቶች የገና ገለጻ ኋላ ራሱ 19 ጊዜ አቅርቧል። ያን ቀን በር ላይ መታወቂያ ቢጠየቅ ኖሮ የጠራዥ ተለማማጅ ምን ያሳይ ነበር?

ለሚቀጥለው ገለጻ ከጎረቤቶቼ ጥያቄ እየሰበሰብኩ በደብተር ላይ አሰፍራለሁ። እስካሁን ስድስት ደርሰዋል። ከሁሉም የወደድኩት የጎረቤቴ የ11 ዓመት ልጅ የሰጠችኝን ነው፤ እዚሁ መሀል ከተማ የፍልውኃን ውኃ የሚያሞቀውና ያን ሌሊት አልጋችንን ያወዛወዘው አንድ ነገር ነው ወይ?