ጋሼን በሁለት ልጆች የለወጥኩ ሰሞን

ቤዝቦል የተማርኩት ስታዲየም ገብቼ አይደለም። የመኪና ቁልፍ ሳቀብል ነው።

ዋሽንግተን ዲሲ፣ ኬ ስትሪት አካባቢ ባለ አንድ የምድር ቤት ፓርኪንግ የቀን ሺፍት ኃላፊ ነበርኩ። ዲሲ የኖረ ሐበሻ ይህን ሥራ ያውቀዋል። ራሱ ባይሠራው እንኳ አጎቱ ሠርቶታል። የእኛው ቫሌት ነው። ባለመኪናው ቁልፉን ሰጥቶ ይሄዳል፤ እኛ መኪኖቹን አፍንጫና ጭራ እያስነካካን እንደረድራለን። ከሥራ ሲወጣ መኪናው እስኪመጣለት ገንዘብ የሚከፈልበት መስኮት ፊት ይቆማል። በብርዱ ወራት ማሞቂያ ያለው እዚያች ጠባብ ቦታ ብቻ ስለሆነ ሰው ሁሉ እዚያ ይታጎራል። ክርክሩም የሚፈላው እዚያ ነው።

ዋናዎቹ ተከራካሪዎች ሁለት ነበሩ። አንዱ ስድሳን የተሻገረ ጠበቃ፣ የዋሽንግተን ናሽናልስ ደጋፊ። ሌላው ሠላሳ ዓመት ገደማ የሚሆነው የኒውዮርክ ልጅ፣ ያንኪስን ከእናቱ ጡት ጋር የጠባ።

ጠበቃው የቆየ ቁስል አለበት። በ1971 የከተማዋ ቡድን ሴናተርስ ወደ ቴክሳስ ሊነቀል የመጨረሻ ጨዋታውን ሲያደርግ አባቱ ይዞት ገብቶ ነበር። ሴናተርስ 7 ለ 5 እየመራ፣ ጨዋታው ሊያልቅ አንድ ሰው ማውጣት ብቻ ሲቀረው የተናደደው ሕዝብ ሜዳውን ወረረው። ዳኞቹ ጨዋታውን በፎርፌ ለተጋጣሚው ሰጡት። ተጋጣሚው ማን ቢሆን ጥሩ ነው? ያንኪስ! ከዚያ ወዲህ ዋሽንግተን እስከ 2005 ድረስ ቡድን አልነበራትም። ጠበቃው ይህን ታሪክ ለኒውዮርኩ ልጅ በወር አንዴ ሳይነግረው አያልፍም። ልጁ በ1971 አለመወለዱ አያድነውም።

የቤዝቦል ጨዋታ በኖቬምበር መጀመሪያ አካባቢ ያልቃል፤ ከዚያ እስከ ማርች መጨረሻ ሜዳው ባዶ ነው። መጀመሪያ ላይ "ጨዋታ ከሌለ ምን ያጨቃጭቃቸዋል?" እል ነበር። ለካ ዋናው ጨዋታ ይሄኛው ነው። በምናውቀው እግር ኳስ ተጫዋች በገንዘብ ይሸጣል። እዚህ ግን በአብዛኛው ሰው በሰው ነው የሚለወጠው። የታወቀውን ኮከብ ትሰጣለህ፤ በምላሹ ትልቁን ሊግ ገና ያልረገጡ፣ ፕሮስፔክት የሚባሉ ልጆች ትቀበላለህ። ላሟን ሰጥቶ ጥጆች መረከብ በለው። ጥጆቹ ይታለባሉ ወይስ አይታለቡም? ሰው ክረምት ከበጋ የሚጨቃጨቀው በዚህ ነው።

በፈረንጆቹ ዲሴምበር 2023 ኮከብ መቺ የሆነው የሁዋን ሶቶ ነገር መጣ። ሶቶን ያሳደገው ናሽናልስ ነው። በ2022 የ15 ዓመት፣ የ440 ሚሊዮን ዶላር ውል ቢያቀርቡለት እምቢ አለ። በዚያው ዓመት ኦገስት ለሳንዲዬጎ ፓድሬስ ሰጡትና እነ ሲጄ ኤብራምስን፣ ማኬንዚ ጎርን፣ ጄምስ ዉድን ተቀበሉ። አሁን ደግሞ ፓድሬስ በተራው ለያንኪስ አሳለፈው። ፓድሬስ የተቀበለው ከአንድ ካቸር (ኳስ ቀላቢ) በቀር በሙሉ ወርዋሪ ነው፤ ማይክል ኪንግ፣ ድሩ ቶርፕ፣ ጆኒ ብሪቶ፣ ራንዲ ቫስኬዝ። ፒቸር የሚሏቸው ማለት ነው።

የኒውዮርኩ ልጅ ያን ቀን ፊቱ እንደ ሙሽራ በርቶ መጣ።

"ሶቶን በማንም ብለውጠው አይቆጨኝም" አለ።

"ሶቶ በአንድ ጨዋታ አራቴ ቢበዛ አምስቴ ነው ለመምታት የሚቆመው" አለው ጠበቃው። "ኳሱን ማን ሊወረውርልህ ነው?"

ከዚያ ሒሳብ ጀመረ። በዓመት 162 ጨዋታ አለ። ጨዋታው 9 ኢኒንግ፣ ማለትም 9 ዙር ነው። 1,458 ኢኒንግ ማለት ነው፣ አንድ ሰው ቆሞ መወርወር ያለበት። ጨዋታ የሚጀምሩት ወርዋሪዎች አምስት ሆነው ተራ ይገባሉ፤ ክንዳቸው ደግሞ ሥጋ ነው፣ ይበጠሳል። ስለዚህ ተራው በደረሰ ቁጥር ሳያጓድል የሚመጣ ሰው ወርቅ ነው፣ ቢመቱትም። ምሳሌው ፓትሪክ ኮርቢን ነበር። ኮርቢን ለናሽናልስ በ140 ሚሊዮን ዶላር ለስድስት ዓመት የፈረመ ወርዋሪ ነው። በ2021 16፣ በ2022 19፣ በ2023 15 ጨዋታ ተሸነፈ። ሰው መሳቂያ አድርጎት ነበር።

"እንዲህ ያለውን ሰው እኔ በነፃ ነበር የምሰጠው" አለ ልጁ።

"እሺ፣ አምና የወረወራትን 180 ኢኒንግ ማን ይወርውራት? አንተ?" አለ ጠበቃው። "ደግሞስ በ2019 ዋንጫውን ባነሳንበት ሰባተኛ ጨዋታ ገብቶ ሦስት ኢኒንግ የዘጋው ማን ሆነና?"

እኔ የልጁ ወገን ነበርኩ። ወጣት፣ ፈጣን፣ ኮከብ፤ ማን ይጠላል? (በነገራችን ላይ በኋላ ሁለቱም ልክ ሆኑ። ያንኪስ በ2024 በሶቶ ዱላ ዎርልድ ሲሪስ የሚሉት የዋንጫ ፍጻሜ ገባ። ኪንግ ደግሞ ሳንዲዬጎ ሄዶ አንደኛ ደረጃ ወርዋሪ ወጣው። ሶቶም ዓመቱ ሲያልቅ በ765 ሚሊዮን ዶላር ሌላኛው የኒውዮርክ ቡድን ሜትስ ገባ። የኒውዮርኩ ልጅ አንድ ሳምንት ሰላም አላለንም።)

እንግዲህ ጆሮዬ በዚህ ወሬ ተሞልቶ ሳለ ነው ስልኩ የተደወለው። የዚያው ድርጅት ሌላ ፓርኪንግ የሚመራ ልጅ ነው።

"እዚህ ቫሌት የለም። ቡዝ ውስጥ ቁጭ ብሎ ብር የሚቀበል ታማኝ ሰው ጠፋብኝ። ጋሼን ስጠኝና ሁለት ጎረምሳ ልስጥህ።"

ጋሼ እኔ ሳልመጣ በፊት ጀምሮ አስራ አንድ ዓመት እዚያ የሠሩ ሰው ናቸው። ስማቸው ይቅር፤ እኛም ጋሼ ብቻ ነበር የምንላቸው። ጉልበታቸውን ያማቸዋል። ደረጃ ሲወርዱ ግድግዳ ይዘው ነው። ጎረምሳ በሁለት ደቂቃ የሚያመጣውን መኪና እሳቸው አምስት ይፈጅባቸዋል። ቆጥሬዋለሁ፣ በስልኬ። አሁን ሳስበው አፍራለሁ።

አንድ ሽማግሌ ሰጥቶ ሁለት ጎረምሳ መቀበል! "እሺ" ለማለት ግማሽ ደቂቃ አልፈጀብኝም። ለጋሼ የነገርኳቸው አርብ ማታ ጃኬታቸውን ሲለብሱ ነው። "ከሰኞ ጀምሮ እዚያኛው ጋ ነው የሚገቡት" አልኳቸው። ዝም ብለው ዚፓቸውን እስከ አንገታቸው ሳቡ። ከዚያ ከደረት ኪሳቸው አራት ቦታ የታጠፈ ባለመስመር ወረቀት አውጥተው ሰጡኝ።

"ለልጆቹ ስጣቸው። ይጠቅማቸዋል።"

አስራ አራት መኪና ተጽፏል። ታርጋው በፈረንጅ ፊደል፣ ጎኑ ላይ ሰዓት፣ ቀጥሎ በአማርኛ አጭር ማስታወሻ። ገረፍ አድርጌ አየሁትና የቁልፍ ሳጥኑ ላይ በፕላስተር ለጠፍኩት።

ልጆቹ እውነትም ፈጣን ነበሩ። ሰኞና ማክሰኞ ጋራዡ ውስጥ ጎማ ሲጮህ ዋለ። አንዱ በዲቪ ከመጣ ሁለት ዓመት ያልሞላው ነው። ሌላው እዚሁ ሜሪላንድ የተወለደ፣ አማርኛ የሚሰማ ግን የማያነብ። ሰው ሳይጠብቅ እየሄደ ነው። ተደሰትኩ። ለዚያኛው ማናጀርም "ሸወድኩህ" ብዬ ጻፍኩለት።

ሐሙስ ጠዋት፣ የጥምቀት ሳምንት፣ በዲቪ የመጣው ልጅ ትምህርት ስለነበረው አልገባም። የሜሪላንዱ ልጅ ብቻውን ነው መኪና የሚደረድረው። ቆሜ ማየት ነበረብኝ። ግን ያን ሰሞን ያንኪስ ማርከስ ስትሮማን የሚባል ወርዋሪ በሁለት ዓመት 37 ሚሊዮን ዶላር ወስዶ የኒውዮርኩ ልጅ "ወርዋሪ የለህም ላለኝ ሽማግሌ ንገርልኝ" እያለ መስኮቱ ላይ ተደግፏል። እኔም ቡናዬን ይዤ ስሰማ ቆየሁ።

ከቀኑ አሥር ሰዓት ላይ፣ በፈረንጁ አራት መሆኑ ነው፣ የመጀመሪያው ሰው መጣ። ልጁ ቁልፍ ይዞ ሮጠ። አምስት ደቂቃ፣ አስር ደቂቃ። ሲመጣ ላቡ ጠብ ጠብ ይላል።

"ከታችኛው ፎቅ ከግድግዳው ጥግ ነው ያለው። ከፊቱ አራት መኪና አለ።"

"ለምን እዚያ ቀበርከው?"

"ሊስቱ ላይ የማታ ነው የሚለው!"

ጋራዡ እስከ እኩለ ሌሊት ክፍት ነው፤ ላይ ሬስቶራንቶች አሉ። ማታ አራት ሰዓት ተኩል፣ አምስት ሰዓት የሚወጣ መኪና ብርቅ አይደለም። ልጁ ወረቀቱ ላይ 10:30 ሲያይ፣ 11:00 ሲያይ፣ እነዚህ አምሽተው የሚሄዱ ናቸው ብሎ አስራ አራቱንም አንድ በአንድ ከሁሉም ጥግ ወሽቋቸዋል። ሌላውን ሁሉ ከፊታቸው ደርድሯል። እንዲያውም በጥንቃቄ ነው የሠራው።

ወረቀቱን ገንጥዬ አነበብኩት። ከአንዱ ታርጋ ጎን፦ "11:00፣ ልጅ ከመዋያ ታወጣለች፣ አታስቆሟት።" ከሌላው ጎን፦ "10:30፣ ሐሙስ ብቻ፣ ጠበቃው።"

ደወልኩላቸው።

"ጋሼ፣ ሰዓቱ የእኛ ነው እንዴ?"

"ታዲያ የማን ሊሆን ነው?"

ጋሼ አሜሪካ ሲኖሩ ሰዓታቸውን አላዞሩም። እኔ ደግሞ ይህን አሳምሬ አውቅ ነበር። በየቀኑ "አሥራ አንድ ሰዓት ላይ እንወጣለን" ሲሉኝ ኖረዋል።

አሥራ አንድ ሰዓት ሲሆን መስኮቱ ፊት ሃያ ሰው ቆሟል። እኔም ኮቴን ጥዬ መኪና ማውጣት ጀመርኩ። አንዱን ለማውጣት አራት ታወጣለህ፤ አራቱን የምታቆምበት የለህም፤ መወጣጫው ላይ ታቆማቸዋለህ፤ መወጣጫው ሲዘጋ የሚወጣውም አይወጣም። የልጅ መዋያው የዘገየበትን በደቂቃ ነው የሚያስከፍላት ያቺ እናት፤ አልጮኸችም። ስልኳን ጆሮዋ ላይ አድርጋ ይቅርታ ትጠይቃለች፣ እኔን እያየች። ብትሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ጠበቃው አርባ ደቂቃ ጠበቀ። ላይ ስመለስ "ሽማግሌው የት ሄደ?" አለኝ። እሱን ለማሳቅ ብዬ፣ ላቤን እየጠረግኩ፣

"ትሬድ አደረግነው። በሁለት ፕሮስፔክት።"

አልሳቀም።

"እዚህ ስንት ዓመት ሠራ?"

"አስራ አንድ።"

"ታዲያ አሥር እና አምስት አለው እኮ።"

ሕጉን የዚያን ቀን ነው የሰማሁት። በትልቁ ሊግ አሥር ዓመት ያገለገለ፣ የመጨረሻዎቹን አምስት ዓመታት በአንድ ቡድን የቆየ ተጫዋች ሳይፈቅድ አይለወጥም። እምቢ ካለ እምቢ ነው፤ መጠየቅ ግድ ነው።

"ጠይቀኸዋል?"

የኒውዮርኩ ልጅ እንኳ ስልኩን መነካካት ተወ። እኔ መልሴን ቁልፍ ሳጥኑ ውስጥ የምፈልግ ይመስል አቀረቀርኩ። መኪናው መጣለትና ሄደ። ለወትሮው የሚሰጣትን ጉርሻ ያን ቀንም ሰጠ፤ ግን ለልጁ ነው የሰጠው።

ያን ማታ ለአሥራ አንድ ሰው የቀኑን ሒሳብ ሰረዝኩ። የበላይ አለቃዬ ምን እንዳለኝ እዚህ አይጻፍም።

በማግስቱ ከሥራ በፊት ጋሼ ጋ ሄድኩ። ቡዟ የአንድ ሰው ስፋት ናት። ከእግራቸው ሥር ትንሽ ማሞቂያ በርቷል፤ ፔርሙሳቸው መስኮቱ ላይ ናት። ይቅርታ ብዬ ጀመርኩ፤ እመልስዎታለሁ፣ ዛሬውኑ አነጋግራለሁ አልኩ።

"ተው ባክህ። እዚህ እግሬ አርፏል" አሉኝ። ሻይ ቀዱልኝ፣ በፔርሙሳዋ ክዳን። "ብትጠይቀኝ እኮ እሺ ነበር የምልህ።"

ያንን ወረቀት ከኪሴ አወጣሁ። መነጽራቸውን አደረጉና አዲስ ገጽ ላይ እንደገና ጻፉት፤ በፈረንጅ ሰዓት። ከእያንዳንዱ ጎን "ፒኤም" የሚለውን በትልልቁ እየደጋገሙ፣ ሁለቴ እያሰመሩበት። ሐሙስ የሚለው ጋ ደርሰው ቀና አሉ።

"ለመሆኑ በእኔ ማንን ሰጡህ?"

"ሁለት ልጆች።"

"ሁለት ብቻ?" ብዕራቸውን ክዳኑ ውስጥ ከተቱ። "ሦስት አትልም ነበር?"