እምቢ የማይባል ስጦታ

ዛሬ ቡና ላይ አንድ ልጅ ስልኩን ዘረጋልኝ። ዋሌቱ (የዲጂታል ገንዘብ ቦርሳው) ውስጥ የማያውቀው ቶክን፣ ማለትም ዲጂታል ሳንቲም፣ ገብቷል። «ጋሼ፣ ይሄን አልፈልግም የሚባለው የት ጋ ነው?»

የለም። ኢቴሪየም በሚባለው የዲጂታል ገንዘብ መረብ ላይ የዋሌት አድራሻህን ያወቀ ሁሉ ይልክልሃል፤ አንተን የሚጠይቅህ የለም። አትንካው፣ ስሙ ላይ የተለጠፈውን ሊንክም እንዳትከፍት አልኩት።

እምቢ የማይባል ስጦታ ትልልቅ ሰዎችንም አስቸግሮ ያውቃል። እ.ኤ.አ. ኦገስት 8 ቀን 2022 የአሜሪካ ገንዘብ ሚኒስቴር ቶርኔዶ ካሽ ላይ፣ ማለትም የብዙ ሰው ገንዘብ ቀላቅሎ ላኪው እንዳይታወቅ በሚያደርገው የኢቴሪየም ፕሮግራም ላይ፣ ማዕቀብ ጣለ። ሰበቡ ቀላል አልነበረም፤ የሰሜን ኮሪያ የኮምፒውተር ሰርሳሪዎች የዘረፉትን ያጠቡበት ነበር። በማግስቱ አንድ ስሙ ያልታወቀ ሰው ከዚያው ከቶርኔዶ ለዝነኞች አድራሻ 0.1 ኢተር፣ 0.1 ኢተር (የኢቴሪየም ገንዘብ) ይበትን ጀመር። ለአሜሪካዊው የቴሌቪዥን አቅራቢ ለጂሚ ፋሎን ሳይቀር ደረሰው።

ለምን 0.1? ገንዘቡ የሚቀላቀልባቸው የቶርኔዶ የኢተር ገንዳዎች አራት ናቸው፣ እያንዳንዱም የሚቀበለው አንድ ልክ ብቻ ነው፦ 0.1፣ 1፣ 10፣ 100። ሁሉም እኩል ካላስገባ የወጣው የማን እንደሆነ ከገንዘቡ ልክ ይታወቃላ! ሰውዬው ትንሿን መረጠ።

በማዕቀቡ ደንብ መሠረት እንዲህ ያለ ገንዘብ የደረሰው አሜሪካዊ ገንዘቡን ሳያንቀሳቅስ አግዶ በ10 የሥራ ቀን ውስጥ ለሚኒስቴሩ ማሳወቅ ነበረበት። ተንኮሉ እዚህ ላይ ነው፤ ሳይጠይቅ የተላከለት አሜሪካዊ ሁሉ ይህ ግዴታ ወደቀበት። ሚኒስቴሩ በሴፕቴምበር ደንቡ ይመለከታችኋል፣ ግን ሳይጠይቅ የደረሰውን ሰው ማሳደድ ቅድሚያችን አይደለም አለ። በእኔ እይታ ይህ ለሚኒስቴሩ ግማሽ ሽንፈት ነበር። በኖቬምበር 2024 ደግሞ የአሜሪካ ይግባኝ ሰሚ ፍርድ ቤት፣ እንደ ቶርኔዶ ማንም ሊቀይረው የማይችል ኮድ የማንም ንብረት ስላልሆነ በማዕቀብ ሊታገድ አይችልም ብሎ ፈረደ። ማዕቀቡ በማርች 2025 ተነሳ።

ልጁ «ደብቅ» የሚለውን ነካ። ከስክሪኑ ጠፋ፤ ከሰንሰለቱ (ከማይሰረዘው የኢቴሪየም መዝገብ) ግን የትም አልሄደም።