የሾትጋን ውድድር ብናዘጋጅ ስንቶቻችን እንመጣለን?

ዳላስና ጋርላንድ አካባቢ ተኩስ ሜዳ ላይ የምንገናኝ ሐበሾች ቁጥራችን እየጨመረ ነው። የምናደርገው ግን ሁሌም ያው ነው፤ ጥይት ይገዛል፣ አንድ መስመር ላይ ይቆማል፣ ወረቀት ይበሳል፣ ቡና ተጠጥቶ ወደ ቤት ይገባል። እኔ ከተወሰነ ጊዜ ወዲህ በሾትጋን፣ ማለትም ብዙውን ጊዜ ደቃቅ እርሳስ ባንዴ በሚተፋው ጠመንጃ፣ የሚደረገውን ፕራክቲካል ሾትጋን የሚባለውን ውድድር እየተለማመድኩ ነው፤ በጣም ወድጄዋለሁ። ያየሁትን ላካፍላችሁ የፈለግኩትም አንድ ነገር ልጠይቃችሁ ስላሰብኩ ነው፦ የራሳችንን ትንሽ ውድድር ብናዘጋጅ የሚመጣ ሰው አለ?

ለማታውቁት፣ እዚህ ተኳሹ አንድ ቦታ ተተክሎ አይተኩስም። የሰዓት መቁጠሪያው ሲጮህ ከመነሻው ተነስቶ፣ በእንጨት ግድግዳ መስኮት፣ በበር፣ በፕላስቲክ በርሜል ጎን እያለፈ የብረት ዒላማ ይጥላል፣ ሸክላ የሚባለውን ሳህን መሳይ ዒላማ ይሰብራል። የቱን ቀድሞ እንደሚመታ፣ የት ላይ ጥይት እንደሚሞላ የሚወስነው ራሱ ነው። ለዚህም ሲባል ከተኩሱ በፊት ሁሉም በባዶ እጁ ዒላማዎቹ በተተከሉበት ሜዳ ውስጥ እየተመላለሰ ዕቅዱን ያጠናል። እኔን የማረከኝ ይሄ ነው። ሁለት ጎበዝ ተኳሾች አንዱን ሜዳ በሁለት የተለያየ መንገድ ሲጨርሱት ማየት ራሱ ትምህርት ነው።

ስፖርቱ የተደራጀው እዚሁ አሜሪካ ነው። ዓለም አቀፉ የፕራክቲካል ተኩስ ኮንፌዴሬሽን፣ በአጭሩ አይፒኤስሲ፣ በ1976 እ.ኤ.አ. ሚዙሪ ውስጥ ኮሎምቢያ በምትባል ከተማ ተመሠረተ፤ የመጀመሪያው ፕሬዝዳንት ጄፍ ኩፐር ነበር። ሲጀመር የሽጉጥ ውድድር ነው። ሾትጋን የራሱን የዓለም ሻምፒዮና ያገኘው በ2012 ሃንጋሪ ላይ ሲሆን፣ በ2015 ጣሊያን፣ በ2018 ደግሞ ፈረንሳይ አዘጋጅተውታል። እንግሊዝ አገር ከ1997ቱ የሽጉጥ እገዳ በኋላ ብዙ ተኳሾች ወደ ሾትጋን ስለዞሩ እዚያ ጠንካራ ተወዳዳሪዎች አሉ።

ነጥብ አያያዙ ቀላል ነው፤ ያገኛችሁት ነጥብ ለወሰደባችሁ ሰከንድ ይካፈላል። 100 ነጥብ በ25 ሰከንድ ያመጣ 4 ይይዛል፤ 90 ነጥብ በ20 ሰከንድ ያመጣው ግን 4.5 ይዞ ይበልጠዋል። የሳቱት ዒላማ ግን ነጥቡን ከማሳጣት አልፎ 10 ነጥብ ያስቀንሳል። ስለዚህ ዝም ብሎ መሮጥም አያዋጣም።

ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፣ ወደ ጥይት መሙላት። ክላሽ የለመደ ሰው ያለቀውን ካርታ አውጥቶ ሌላ ይከታል፣ አለቀ። ብዙዎቻችን የምንይዘው ሾትጋን ላይ ግን ጥይቱ ከአፈሙዙ ሥር ወዳለው ቱቦ ነው የሚገባው፤ አንድ ሜዳ ደግሞ ሃያ ወይም ከዚያ በላይ ዒላማ ሊኖረው ይችላል። ቱቦው ስምንት ቢይዝ እንኳ መሀል ላይ ደጋግሞ መሙላት አይቀርም። በተኩስ የሚበላለጡት ሰዎች ልዩነታቸው ትንሽ ነው፤ በመሙላት የሚበላለጡት ግን በብዙ ሰከንድ ነው።

እኔ የያዝኩት ሁለት ሁለት እያደረጉ መሙላትን ነው። ጥይቶቹ ወገቤ ላይ ባለው ዝናር ጥንድ ጥንድ ሆነው፣ አንዱ ካንዱ ጀርባ ይሰለፋሉ። ሰደፉን ትከሻዬ ላይ አሳርፌ ጠመንጃውን እገለብጠዋለሁ፤ ሆዱ ወደ ላይ ይሆናል፣ አፈሙዙ ግን ወደ ዒላማው እንደዞረ ነው። በግራ እጄ ሁለቱን ባንዴ ከዝናሩ እመዛለሁ፤ አውራ ጣቴ የኋለኛው ጥይት የናስ መቀመጫ ላይ ያርፋል። የፊተኛው ገብቶ ቀጭ እስኪል እገፋለሁ፤ እጄን ሳልመልስ ሁለተኛውን አስከትላለሁ። ቀጭ፣ ቀጭ። የበሰሉት አራት ባንዴ መዝዘው በሁለት ግፊት ይጨርሳሉ። እኔ እዚያ ገና ነኝ።

ይሄ ሁሉ የሚለመደው ቤት ነው። ባሩድ የሌለው የመለማመጃ ጥይት ግዙ፤ ክብደቱ ከእውነተኛው ጋር የሚቀራረብ ቢሆን ይሻላል፣ ቀላሉ እጅን ያሳስታል። እውነተኛው ጥይት በሌላ ክፍል ተቆልፎበት ይቀመጥ። መጀመሪያ ስሞላ ዓይኔ ከእጄ ላይ አይነሳም ነበር። አሁን እጄ ሥራውን ሲሠራ ዓይኔ የሚቀጥለውን ዒላማ ይፈልጋል፣ እግሬም እየሄደ ነው። ከአንዱ ቦታ ወደ ሌላው ስትሄዱ የሞላችሁት ጥይት ጊዜ አይወስድባችሁም፤ ያው መሄዳችሁ አይቀርም ነበርና።

ጠመንጃ ለመግዛት አትቸኩሉ። ቤኔሊ ኤም2 ውድድር ላይ በብዛት ታዩታላችሁ፤ ዋጋው ግን ከአንድ ሺህ ዶላር በላይ ነው። ለጀማሪ ፓምፕ፣ ማለትም እጀታው በእጅ ወደ ኋላና ወደ ፊት እየተሳበ ጥይት የሚያጎርሰው፣ ይበቃል፤ በአይፒኤስሲ ሕግ ፓምፕ የራሱ ምድብ አለው። ሬሚንግተን 870 ጥሩ ነው፤ እኔ ግን ሞስበርግን እመርጣለሁ። ምክንያቱም ሞስበርግ ላይ ጥይት የሚያነሳው ብረት ወደ ላይ እንደተነሳ ስለሚቆይ፣ ስትሞሉ አውራ ጣታችሁን አይዛችሁም። የጠመንጃው ምት ለሚከብደው ሰው ከተለመደው 12 ጌጅ አፈሙዙ የጠበበው 20 ጌጅ አለ፤ ባለቤቴ የምትተኩሰው በሱ ነው፣ ብረቱም እንደኔው ይወድቅላታል።

ስለ ደኅንነቱ ጠንከር ብዬ ልናገር። አገር ቤት ከጠመንጃ ጋር ያደግን ብዙ ነን። ምንሽር ግድግዳ ላይ ተሰቅሎ፣ ለሠርግና ለለቅሶ ወደ ሰማይ ሲተኮስ አይተናል። ያ ልማድ እዚህ ሜዳ ላይ ቦታ የለውም። ዳኛው ካላዘዘ በቀር ማንም ጥይት የጎረሰ ጠመንጃ አይዝም፤ ጠመንጃው ባዶ መሆኑ ከሩቅ እንዲታይ ብርቱካንማ ፕላስቲክ ይሰካበታል። አፈሙዙ ከ180 ዲግሪው መስመር፣ ማለትም ከተኳሹ ወደ ግራና ወደ ቀኝ ከሚዘረጋው መስመር፣ አልፎ ወደ ኋላ ከዞረ፣ ወይም ሳይታሰብ ጥይት ካመለጠ፣ የዚያን ሰው ውድድር አበቃ፤ ሽማግሌ መላክም ይቅርታ መለመንም የለም። ሲንቀሳቀሱና ሲሞሉ ጣት ከምላጩ ውጭ ነው። ውትድርና ውስጥ የነበሩ ወንድሞቻችን ይሄን ቶሎ ነው የሚይዙት፤ ከመጡልን ለጀማሪዎቹ ትልቅ እገዛ ይሆኑናል።

ሌላ ሰው የማይነግራችሁን ሁለት ነገር ደግሞ ልጨምር። አንደኛው ጆሮ ነው። የ12 ጌጅ ድምፅ ከ150 ዴሲቤል በላይ ነው፣ ጆሮን ለመጉዳት 140 ይበቃል። እኔ ውስጥ መድፈኛ ከላይ መሸፈኛ፣ ሁለቱንም አደርጋለሁ። ሁለተኛው እርሳስ ነው። ከጥይቱና ከጭሱ እጅና ልብስ ላይ ይቀራል። እኛ ደግሞ በእጃችን የምንበላ፣ የምንጎራረስ ሰዎች ነን። ስለዚህ ከተኩስ በኋላ እጅ በሳሙናና በቀዝቃዛ ውኃ በደንብ ሳይታጠብ እንጀራ አይቆረስም፤ በዚያ ልብስም ልጅ አይታቀፍም።

የሕጉም ነገር መታወቅ አለበት። በፌዴራል ሕግ ግሪን ካርድ ያለው ሰው ጠመንጃ መያዝ ይችላል፤ በተማሪ ወይም በጎብኚ ቪዛ ያለ ሰው ግን ከተወሰኑ ሁኔታዎች በቀር አይችልም። ሜዳ ላይ ተውሶ መተኮስም እንደ መያዝ ሊቆጠር ስለሚችል፣ ወረቀቱ ያላለቀለት ሰው ጠበቃውን ሳይጠይቅ አይንካ። በቤት ውስጥ ጥቃት የተፈረደበትም እንዲሁ አይፈቀድለትም። ጫት የሚቅሙ ወዳጆቼም ይህን ልብ በሉ፤ ጫት ውስጥ ያለው ካቲኖን በፌዴራል ሕግ አንደኛው ምድብ ውስጥ የተመዘገበ የተከለከለ ነገር ነው። ጠመንጃ ስትገዙ የምትሞሉት ፎርም ደግሞ የተከለከለ ነገር ትጠቀማላችሁ ወይ ብሎ ይጠይቃል። እዚያ ላይ መዋሸት ከባድ ወንጀል ነው፣ ዜጋ ላልሆነ ሰው ደግሞ መዘዙ የባሰ ነው።

አሁን ወደ ጥያቄዬ። ያሰብኩት ትልቅ ነገር አይደለም። ከአንድ ተኩስ ሜዳ አንድ ሁለት ቦታ ለግማሽ ቀን ተከራይተን ሦስት አጫጭር ሜዳ እንሠራለን። የምንተኩሰው በደቃቅ እርሳስ፣ በ7½ ቁጥር ብቻ ይሆናል፤ ስለግ የሚባለው ድፍን ጥይት ለመጀመሪያ ጊዜ ይቅርብን። የነጥብ ክፍፍሉን ትተን በሰዓት እንወዳደር፤ ላልወደቀ ዒላማ ቅጣት ሰከንድ ይጨመራል። ለምዝገባና ለውጤት ፕራክቲስኮር የሚባለው መተግበሪያ ይበቃል። ገለጻው በአማርኛ ይሁን፤ ትእዛዞቹ ግን በእንግሊዝኛ ይቆዩ ባይ ነኝ፤ ነገ ሌላ ክለብ ሄዳችሁ ስትወዳደሩ የምትሰሙት «ሜክ ሬዲ» እና «ስታንድ ባይ» ነውና ከአሁኑ ጆሯችሁ ይልመደው።

የሚከብደው ሌላው ነው። የሜዳው ባለቤት ኢንሹራንስ መጠየቁ አይቀርም። የሠለጠነ ዳኛ ያስፈልጋል፤ የአሜሪካው ማኅበር ዩኤስፒኤስኤ የዳኞች ኮርስ አለው፣ እኔ ልወስደው ወስኛለሁ፣ ግን ብቻዬን አልችለውም። የብረት ዒላማዎቹም ውድ ናቸው፤ ተዋጥተን ብንገዛ ይቀለናል፣ ሸክላው ርካሽ ነው። ቀኑን በተመለከተ እሁድ ጠዋት ቤተ ክርስቲያን ነው፤ ቅዳሜ ደግሞ ማታ ሲሠራ ያደረ ሰው ይተኛል። የቴክሳስ በጋ ላይ በዝናርና በጆሮ መሸፈኛ መሮጥ አይታሰብም። ስለዚህ ጥቅምት መጨረሻ ወይም ኅዳር መጀመሪያ ላይ፣ ቅዳሜ ከረፋዱ ብናደርገው የተሻለ ይመስለኛል።

ከዚያ በፊት ግን በቡድን ሆነን አንድ ክለብ ያዘጋጀውን ውድድር ብንሳተፍ ደስ ይለኛል። ያልተወዳደረ ሰው ውድድር ቢያዘጋጅ የሚጎድለውን አያውቅም። ተኩሱን ለማትፈልጉትም ሥራ አለ፤ ከእያንዳንዱ ተኳሽ በኋላ የወደቀውን ብረት ማንሳት፣ ሸክላ መተካት፣ ሰዓት መመዝገብ አለ።

እንግዲህ ፍላጎት ያላችሁ ሜዳ ላይ ስንገናኝ ይሄን ንገሩኝ፦ ምን ዓይነት ጠመንጃ እንዳላችሁ ወይም ጭራሽ እንደሌላችሁ፣ እንቅስቃሴ ያለበት ተኩስ ሞክራችሁ ታውቁ እንደሆነ፣ የዳኝነቱን ኮርስ አብራችሁኝ መውሰድ ትችሉ እንደሆነ፣ ቅዳሜ ይመቻችሁ እንደሆነ። ጠመንጃ የሌላችሁ አትቅሩ፤ የኔ ሞስበርግና የባለቤቴ 20 ጌጅ አሉ፣ ሕጉ ለሚፈቅድለት ሰው በተራ እናውሳለን። አሥር ሰው ከሞላ ቦታ መጠየቅ እጀምራለሁ።