ሌሊቱ የቀኑን ክብረ ወሰን የሰበረበት መጋቢት

የሙቀት ነገር የሚስበን ሰዎች ስንገናኝ አብዛኛውን ጊዜ የምናነሳው ትልልቁን ቁጥር ነው። አሜሪካ በሚገኘው የሞት ሸለቆ እ.ኤ.አ. ጁላይ 10 ቀን 1913 የተመዘገበው 56.7 ዲግሪ ሴንቲግሬድ፣ በሊቢያዋ አል አዚዚያ ለ90 ዓመት የዓለም ክብረ ወሰን ሆኖ ቆይቶ በ2012 በዓለም ሚቲዎሮሎጂ ድርጅት የተሰረዘው 58 ዲግሪ፣ የእኛው ዳሎልም እንዲሁ ከአፋችን አይጠፉም። እኔ ግን ከእነዚህ ሁሉ አስበልጬ የማየው 16.7 ዲግሪን ነው። ባሕር ዳር ለሚኖር ሰው ይህ ተራ የሌሊት አየር ነው፤ ጋቢ ደርቦ የሚያልፈው እንጂ የሚያስገርመው አይደለም። በአሜሪካ ሚኔሶታ ግዛት፣ ሮቼስተር በተባለች ከተማ እ.ኤ.አ. ማርች 18 ቀን 2012፣ በእኛ መጋቢት 9 ቀን 2004 ዓ.ም.፣ የዕለቱ ዝቅተኛ ሙቀት ሆኖ የተመዘገበው ግን ይኸው ቁጥር ነበር። በዚያች ከተማ ከዚያ በፊት በዚሁ ዕለት ከተመዘገቡት የቀን ሙቀቶች ሁሉ ከፍተኛው 15.6 ዲግሪ ነበር። የዚያ ዕለት ቅዝቃዜ ራሱ፣ እስከዚያ ድረስ በዚያው ዕለት ታይቶ ከሚያውቀው ሙቀት በለጠ ማለት ነው።

የዚያን ወር መረጃ ደጋግሜ ያነበብኩት በዚህ ምክንያት ነው። ቺካጎ ከመጋቢት 5 እስከ 13 ባሉት ዘጠኝ ተከታታይ ቀናት በየዕለቱ የቀኑን ክብረ ወሰን ሰበረች። ፔልስተን የምትባል የሚሺጋን ትንሽ ከተማ መጋቢት 13 ቀን 29.4 ዲግሪ ስትደርስ፣ የዕለቱ የቀድሞ ክብረ ወሰን 11.7 ብቻ ነበር። ክብረ ወሰን ሲሰበር የተለመደው በአንድ ወይም በሁለት ዲግሪ ነው፤ ከ17 ዲግሪ በላይ ዘልሎ መስበር ግን ለብዙ ዓመታት መረጃ ሲሰበስብ የኖረን ባለሙያ እንኳ መሣሪያውን እንዲጠራጠር የሚያደርግ ነው። በመላው አሜሪካ በዚያ ወር የተሰበሩት የሙቀት ክብረ ወሰኖች ከ15,000 በላይ ሲሆኑ፣ ግማሽ ያህሉ የሌሊት ነበሩ።

ምክንያቱ በደንብ ይታወቃል። በከፍታ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ኃይለኛ የአየር ጅረት፣ ጄት ስትሪም የሚባለው፣ ወደ ሰሜን እጅግ ታጥፎ በዚያው ሁኔታ ለቀናት ቆመ። በእጥፋቱ ሥር የተቀመጠው ከፍተኛ ግፊት አየሩን ወደ ታች ሲጫነው አየሩ እየታመቀ ሞቀ፤ ከሜክሲኮ ባሕረ ሰላጤ ሽቅብ የመጣው እርጥብ አየር ደግሞ መሬት በሌሊት ሙቀቷን ወደ ሰማይ እንዳትለቅ ከለከላት። ያለፈው ክረምታቸው ለስላሳና በረዶ ያነሰበት ስለነበር፣ የፀሐይዋ ጉልበት በረዶ ለማቅለጥ ሳይባክን በቀጥታ አፈሩንና አየሩን ለማሞቅ ዋለ። ከእነዚህ ሁሉ ለእኔ ትልቁ ትምህርት እርጥበቱ ነው፤ ቀኑን የምታሞቀው ፀሐይ ብትሆንም ሌሊቱን ሞቆ እንዲያድር የሚያደርገው አየር ውስጥ ያለው ውሃ ነውና።

ብዙ ሰው በዚያ ሙቀት ተደስቶ ነበር፤ በብርድ የከረመ ሕዝብ ስለሆነም አልፈርድበትም። ዛፎቹ ግን ያለ ጊዜያቸው አበቡ። በሚያዝያ የተለመደው ውርጭ በሰዓቱ ሲመለስ አበባውን አገኘውና በሚሺጋን ከፖም ምርት 90 በመቶ ያህሉ ጠፋ። ጉዳቱን ያደረሰው ውርጩ ቢሆንም ውርጩ ከልማዱ አልወጣም፤ ከልማዱ የወጣው ቀድሞ የመጣው ሙቀት ነበር።

እኛ ዘንድ ነገሩ በሌላ መልክ ነው። ጎጃም ውስጥ ከፍተኛው ሙቀት የሚመጣው ከክረምቱ ዝናብ በፊት ባሉት ወራት ነው፤ ፀሐይ ወደ ሰሜን ስትጓዝ በደብረ ማርቆስ አናት ላይ ሚያዝያ 9 ገደማ፣ በባሕር ዳር አናት ላይ ደግሞ ሚያዝያ 12 ገደማ ታልፋለች። ስትመለስም በነሐሴ አጋማሽ እንደገና በአናታችን ላይ ታልፋለች፤ በዚያን ጊዜ ግን ሰማዩ ሁሉ ደመና፣ መሬቱም ጭቃ ስለሆነ ማንም ልብ አይላትም። አንዲቱ ፀሐይ በደረቅ አፈር ላይና በረጠበ አፈር ላይ የምትሠራው ሥራ ይህን ያህል ይለያያል። በሚያዝያ ደመና ጋርዶ በዋለና ባደረ ዕለትም ሚኔሶታ ላይ የሆነው በትንሹ ይታያል፤ ቀኑ ይለዝባል፣ ሌሊቱ ግን አይቀዘቅዝም።

ከዚህ ሌላ ከፍታ አለ። ከደጀን ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርደው መንገድ ከ1,000 ሜትር በላይ ቁልቁል ይወርዳል። በመደበኛ ስሌት አየር ወደ ታች በወረድን ቁጥር በየ1,000 ሜትሩ በ6.5 ዲግሪ ገደማ ይሞቃል፤ በደረቅ የበጋ ከሰዓት ግን ልዩነቱ ወደ 10 ሊጠጋ ይችላል። ስለዚህ በስልክ ላይ የሚታየውን የሙቀት ቁጥር እንደ ልኬት አድርገን ለሌላው እንዳንልክ አጥብቄ እለምናለሁ። ብዙውን ጊዜ ቁጥሩ ሰፊ ቦታን በአንድ የሚገምት የኮምፒውተር ስሌት ስለሆነ፣ የደጀንን ደጋና የዓባይን ሸለቆ አቀላቅሎ አንድ ሊያደርጋቸው ይችላል። በመኪና ዳሽቦርድ ላይ የሚነበበውም የአስፋልቱ ግለት ጭምር ያለበት ነው። ልኬት የሚባለው ቴርሞሜትሩ ነጭ ቀለም በተቀባ፣ ነፋስ በሚያስገባና ፀሐይ በማያስገባ ሣጥን ውስጥ፣ ከመሬት ከ1.25 እስከ 2 ሜትር ከፍታ ላይ ተቀምጦ ሲነበብ ነው። በቆርቆሮ ጣሪያ ሥር ወይም በግድግዳ ላይ ተሰቅሎ 40 ያሳየ ቴርሞሜትር የሚነግረን ስለ ቆርቆሮው ነው።

እኔና የማውቃቸው ጥቂት ወዳጆች በዚህ ጉዳይ ብዙ ተከራክረናል። አንዳንዶቹ የከሰዓቱን ቁጥር ብቻ መያዝ ይበቃል ይላሉ፤ ሰው የሚሰማው እሱን ነውና። አልስማማም። ሰውም ከብትም ከቀን ሙቀት የሚያገግመው ሌሊት ነው፤ ሌሊቱ ካልቀዘቀዘ የነገው ሙቀት በዛሬው ላይ ይደመራል። እ.ኤ.አ. በ2024 በማርች መጨረሻና በኤፕሪል መጀመሪያ ከሰሃራ በረሃ በስተደቡብ ያለውን የሳሄል አካባቢ የመታው ሙቀት ማሊ ውስጥ ካዬስ ላይ 48.5 ዲግሪ ሲደርስ፣ ሰዉን እጅግ ካስጨነቁት ነገሮች አንዱ ሌሊቱም አለመቀዝቀዙ ነበር። ያው ዓመት በዓለም ከተመዘገቡት ሁሉ ሞቃታማው ሆኖ አልፏል።

ስለዚህ ለሚያዝያ የምጠይቀው ይህን ነው። የዕለቱን ከፍተኛና ዝቅተኛ ለይቶ የሚይዝ ቴርሞሜትር ያለው ሰው ሁለቱንም ይጻፍ፤ ከጎኑም ደመና መኖር አለመኖሩን፣ ነፋሱ ከየት እንደነፈሰ፣ የቦታውንም ከፍታ ይጨምር። ጣና ዳር ያለ ሰው ሐይቁ ቀስ ብሎ ስለሚቀዘቅዝ ሌሊቱ ከመርዓዊ ሰው ሌሊት ሊሞቅ እንደሚችል አውቆ፣ ቤቱ ከውሃው ምን ያህል እንደሚርቅ ይግለጽ። የዘጌ ቡና ያላቸው ደግሞ አበባው የወጣበትን ቀንና ከዚያ በፊት የጣለውን ዝናብ ቢጽፉልን፣ ከቁጥሮቹ ጎን አስቀምጠን የምናነበው ይሆናል።